ዲሲ ላይ ቼሪው የሚያብብበትን ቀን ዛፉ በምን ያውቃል?

ዲሲ፣ ሜሪላንድ ወይ ቨርጂኒያ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ ማርች ሲገባ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ "ቼሪው ፈነዳ ወይ?" ከሌላ ስቴት ዘመድ የሚመጣበት ሰው ደግሞ ቀኑን ቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል፣ ቲኬት መቁረጥ አለ፣ ከሥራ ኦፍ መጠየቅ አለ፣ ግን ቀኑን ቁርጥ አድርጎ የሚነግረው ሰው አያገኝም። በ2024 ፒኩ (አበባው ሞልቶ የሚፈነዳበት ቀን) ማርች 17 ነበር፣ በ2025 ማርች 28 ሆነ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ወደኋላ ሲኬድ ልዩነቱ ይብሳል፣ በ1990 ማርች 15 ላይ ፈንድቶ ያውቃል፣ በ1958 ደግሞ ሰውን እስከ ኤፕሪል 18 አስጠብቋል። በአንዱ ዓመትና በሌላው መሀል ከአንድ ወር በላይ ልዩነት ማለት ነው፣ እና ይሄ ልዩነት ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ሰፈራችሁ ውስጥ ያለውን ዛፍ ሁሉ የምታዩበትን ዓይን ይቀይረዋል ብዬ ስለማምን ነው ይሄን የምጽፈው።

ብዙ ሰው "ሙቀት ሲመጣ ያብባል" ብሎ ያልፈዋል። ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ቼሪ ሙቀቱን ከመጠበቁ በፊት በደንብ መበረድ አለበት፣ በቂ ብርድ ያላገኘ ቼሪ የፈለገ ፀሐይ ቢወጣለት አበባው ይዘበራረቃል፣ አንዱ ቅርንጫፍ ያብባል ሌላው ዝም ይላል፣ ብዙ እምቡጥም ሳይከፈት ይቀራል።

ነገሩን ከመነሻው እንየው። ማርች መጨረሻ ላይ የምታዩት አበባ የተሠራው ባለፈው ሰመር ነው። ጁላይና ኦገስት ላይ፣ ዛፉ ቅጠል በቅጠል ሆኖ ማንም ዞር ብሎ በማያየው ሰዓት፣ ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ትንንሽ እምቡጦች ይቋጠራሉ፣ ውስጣቸው የሚቀጥለው ዓመት አበባ በጥቃቅኑ እየተሠራ ነው። ከዛ ቀኑ እያጠረ ማታው እየቀዘቀዘ ሲመጣ ዛፉ ቅጠሉን ያራግፍና እምቡጦቹን ቆልፎ ይተኛል። ይሄ እንቅልፍ ባይኖር ዛፉ ዘር አይተካም ነበር፣ ምክንያቱም እዚህ አገር ዲሴምበር ውስጥ ጃኬት የሚያስወልቅ ሙቀት የሚገባበት ሳምንት አለ፣ ዛፉ በዛ ተታሎ ቢያብብ ጃንዋሪ ላይ የሚመጣው ውርጭ አበባውን ይፈጀዋል፣ አበባው ካለቀ ደግሞ ፍሬም የለም ዘርም የለም። ስለዚህ ዛፉ ክረምቱ እውነት መጥቶ ማለፉን የሚያረጋግጥበት ነገር ያስፈልገዋል፣ ለዛ የሚጠቀመው ብርዱን ራሱን ነው።

እንዴት ይቆጥረዋል የሚለው ደስ የሚል ነገር ነው። እምቡጡ ውስጥ እድገትን የሚያግድ አብሲሲክ አሲድ የሚባል ሆርሞን አለ፣ እንቅልፉ ሲገባ መጠኑ ከፍ ይላል፣ ከዛ ብርዱ በቆየ ቁጥር ቀስ በቀስ እየወረደ ይመጣል፣ እድገቱን ቆልፈው የያዙት ጂኖችም አብረው እየደከሙ ይሄዳሉ። እና የሚቆጠረው ብርድ ሁሉም ዓይነት ብርድ እንዳይመስላችሁ፣ በደንብ የሚሠራው ከ0 እስከ 7 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ያለው ነው፣ በፋራናይት ከ32 እስከ 45 መሆኑ ነው። ያ ጆሮ የሚቆርጠው፣ መኪና አልነሳም የሚያሰኘው ብርድ ለዛፉ ብዙም አይቆጠርለትም፣ መሀል ላይ የሚገባ ሞቃት ቀን ደግሞ የተቆጠረውን ሊቀንስበት ይችላል። እንደ እቁብ ነው፣ ሰዓት በሰዓት እየተጣለ ይጠራቀማል፣ እስኪሞላ ድረስ ዛፉ ውጪው ምንም ያህል ቢሞቅ ንቅንቅ አይልም።

ሲሞላ ቆጠራው ይቀየርና ሙቀት መቁጠር ይጀምራል። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ሞቅ ያለ ቀን የራሱን ይጨምራል፣ ቀዝቃዛ ሳምንት ሲገባ ቆጠራው ይቆማል፣ ከዛ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከዜሮ አይጀምርም። ስለዚህ ፌብሩዋሪው ለሰለስ ካለ አበባው ማርች አጋማሽ ላይ ይደርሳል፣ ፌብሩዋሪና ማርች ሙሉ ግራጫ ሆኖ ከከረመ ኤፕሪል ውስጥ ይገባል። ያ የ1990ና የ1958 ልዩነት የመጣው ከዚህ ነው። ታይዳል ቤዚን (ዲሲ ውስጥ ቼሪዎቹ ዙሪያውን የተተከሉበት ውኃ) ያሉትን ዛፎች የሚጠብቀው ናሽናል ፓርክ ሰርቪስም ራሱ ከ10 ቀን በላይ ቀድሞ መተንበይ የማይቻል ያህል ነው ይላል፣ የ10 ቀኑን አየር ሳታውቅ የሙቀቱን ድምር ማወቅ ስለማትችል። ጃንዋሪ ላይ "ዘንድሮ በዚህ ቀን ነው" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቲኬት አትቁረጡበት።

አሁን ወደ እምቡጡ ቀረብ እንበል፣ ምክንያቱም ይሄን ካወቃችሁ ኒውስ ሳትጠብቁ በራሳችሁ ታውቁታላችሁ። ክረምቱን ሙሉ ቅርንጫፉ ላይ የምታዩት ቡናማ፣ ሹል፣ ከስንዴ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው፣ በቅርፊት የተሸፈነ። መጀመሪያ ቅርፊቱ ሰንጠቅ ይልና ጫፉ ላይ አረንጓዴ ነገር ይታያል፣ ይሄ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ቀጥሎ ከአንዱ እምቡጥ ውስጥ ሦስትም አራትም አምስትም ሆነው የተጠቀጠቁ ትንንሽ አበቦች ብቅ ይላሉ፣ ያኔ ከአንድ እምቡጥ አንድ አበባ የሚወጣ የሚመስለው ሰው ይገረማል፣ ዛፉ ሲፈነዳ እንደዛ ጥቅጥቅ ብሎ የሚታየውም ለዚህ ነው። ከዛ ወጣ ወጣ ይላሉ፣ ከዛ የእያንዳንዱ አበባ አንገት ይረዝማል፣ ወደ ታች ዘንበል ይላሉ፣ ይሄኛው ደረጃ ላይ ውርጭ በጣም ነው የሚፈራው። ከዛ "ፓፊ ዋይት" የሚሉት ደረጃ ይመጣል፣ አበባው ተነፍቶ ሊከፈት ሲል፣ ሮዝ ቀለሙ ወደ ነጭ ሲሄድ። እዚህ ከደረሰ ብዙ ጊዜ አንድ ሳምንት አይሞላም። "ፒክ ብሉም" የሚባለው ደግሞ የዮሺኖ (እዛ የሚበዛው የቼሪ ዝርያ) ዛፎቹ አበባ 70 በመቶው የተከፈተበት ቀን ነው፣ የመጨረሻው ቀን ማለት አይደለም፣ ከዛ በፊትም ከዛ በኋላም ለጥቂት ቀን ያምራል። ቀዝቀዝ ብሎ ነፋስ ከሌለ ከሳምንትም በላይ ይቆያል፣ ዝናብና ነፋስ ከመጣ ግን በሁለት ሦስት ቀን ይረግፋል። ፒክ ተባለ ብሎ ቅዳሜን የሚጠብቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያዝነው ለዚህ ነው፣ ከቻላችሁ በሥራ ቀን ጠዋት በማለዳ ሂዱ።

ሌላ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ታይዳል ቤዚን ዙሪያ ስትቆሙ ያ ሁሉ ዛፍ በአንድ ቀን እንደተነጋገረ እኩል የሚያብበው ለምንድነው? እዛ ካሉት ዛፎች አብዛኞቹ ዮሺኖ የሚባለው ዝርያ ናቸው፣ ዮሺኖ ደግሞ ከዘር አይራባም፣ ቅርንጫፉ ተቆርጦ ሌላ ስር ላይ ይዳቀላል ወይ ራሱ ስር እንዲያወጣ ይደረጋል። ይሄ ማለት ሁሉም በጄኔቲክ አንድ ዛፍ ናቸው፣ የአንዱ ዛፍ ኮፒዎች፣ የሚፈልጉት ብርድ እኩል፣ የሚፈልጉት ሙቀት እኩል። አየሩም አንድ ከሆነ ቀኑ አንድ ይሆናል። ከዘር የበቀሉ ቢሆኑ ኖሮ አንዱ ዛሬ ሌላው በሳምንቱ እያበበ ያ አንዴ ቦግ የሚለው ነጭ ደመና አይኖርም ነበር። ሳይንቲስቶችም ዮሺኖን ለአየር ንብረት ጥናት የሚወዱት ለዚሁ ነው፣ ዛፉ ካልተለወጠ የተለወጠው አየሩ ነው።

ዛፎቹ እንዴት እዚህ እንደደረሱም ባጭሩ ማወቁ ጥሩ ነው። ኤሊዛ ሲድሞር የምትባል ጸሐፊ ጃፓንን አይታ ተመልሳ ከ1885 ጀምሮ ፖቶማክ ዳር ቼሪ ይተከል እያለች ባለሥልጣኖቹን ትወተውት ነበር፣ ከሃያ ዓመት በላይ የሰማት የለም። በኋላ ፈርስት ሌዲ ሔለን ታፍት ሰሟት፣ ቶኪዮ ከተማም ስጦታ ላከች። በ1910 የመጣው የመጀመሪያው 2,000 ዛፍ ግን ተባይና በሽታ ተገኘበትና ተቃጠለ፣ ይሄ በሁለቱ አገሮች መሀል ትልቅ ቅሬታ ሊያመጣ የሚችል ነገር ነበር፣ የቶኪዮ ከንቲባ ዩኪዮ ኦዛኪ ግን በ1912 እንደገና 3,020 ዛፍ ላኩ፣ ማርች 27 ቀን ሚስስ ታፍትና የጃፓን አምባሳደር ባለቤት ቪስካውንተስ ቺንዳ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ተከሉ። ሁለቱ ዛፎች አሁንም አሉ። ዮሺኖ ብዙ የሚቆይ ዛፍ አይደለም፣ 40፣ 50 ዓመት ነው የሚባለው፣ ስለዚህ ከ100 ዓመት በላይ መቆማቸው ራሱ ተዓምር ነው። በ1981 ደግሞ ጃፓን ውስጥ ዛፎች በጎርፍ ሲጠፉ የጃፓን ባለሙያዎች መጥተው ከዚህ ቅርንጫፍ ቆርጠው ወሰዱ፣ ስጦታው ወደ ሰጪው ተመለሰ ማለት ነው፣ እኔ ከታሪኩ ሁሉ በጣም የምወደው ይሄን ነው።

"ስታምፒ" የተባለውን ዛፍ የምታስታውሱት ካላችሁ፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ አንድ ሁለት ቅርንጫፍ ብቻ ቀርቶት ግን በየዓመቱ የሚያብበውን፣ እሱም በ2024 ተቆረጠ። ታይዳል ቤዚን ያለው የድንጋይ ግድግዳ መሬት ውስጥ እየሰመጠ፣ ውኃው ደግሞ እየጨመረ፣ በየቀኑ ውኃው ሞልቶ መሄጃውን ሲያጥለቀልቅና የዛፎቹን ስር ሲያፍን ስለነበር ግድግዳውን ለመሥራት ወደ 140 የሚጠጉ ቼሪዎች መነሳት ነበረባቸው። ከስታምፒ ግን ቅርንጫፍ ተወስዶ ናሽናል አርቦሬተም (ዲሲ ያለው የመንግሥት የዛፍ መናፈሻ) ውስጥ እንዲራባ ተደርጓል፣ ከላይ እንዳልኩት ኮፒ ስለሆነ ከዛ የሚበቅለው ልጁ ሳይሆን ራሱ ስታምፒ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ አሳሳቢው እንሂድ። "ክረምቱ ለዘብ ካለ አበባው ቶሎ ይመጣል፣ ጥሩ ነው" የሚል ሰው እሰማለሁ። ቶሎ መምጣቱ ግን አደጋ አለው። በ2017 ፌብሩዋሪው በጣም ሞቃት ነበር፣ እምቡጦቹ ሮጡ፣ ማርች አጋማሽ ላይ ግማሾቹ ሊከፈቱ ሲሉ ውርጭ መጣ። እምቡጥ ተኝቶ እያለ ከባድ ብርድ ይችላል፣ አንዴ ከነቃ ግን ውስጡ ውኃ ይሞላል፣ ፓፊ ዋይት ላይ ከደረሰ 27 ፋራናይት አካባቢ ከአበባው 10 በመቶውን ይመታል፣ 24 ከደረሰ እስከ 90 በመቶ ሊጨርሰው ይችላል። ሦስት ዲግሪ ናት ልዩነቷ! በዛ ዓመት ከዮሺኖው አበባ ግማሽ ያህሉ ተቃጠለ፣ ቡናማ ሆኖ ቅርንጫፉ ላይ ቀረ፣ የተረፈው ነው ማርች 25 ፒክ የተባለው። ታይዳል ቤዚን መዝገብ የተያዘው ከ1921 ጀምሮ ሲሆን በዚህ ጊዜ ውስጥ አማካዩ ቀን አንድ ሳምንት ገደማ ቀድሟል። ጃፓን ኪዮቶ ውስጥ ደግሞ ከ1,200 ዓመት በፊት ጀምሮ የቤተ መንግሥት ሰዎችና መነኮሳት የጻፉት ማስታወሻ አለ፣ በ2021 ማርች 26 የፈነዳው እስከዛ ድረስ በዛ ሁሉ ዘመን ከተመዘገበው የቀደመው ነበር፣ ከሱ በፊት የነበረው ሪከርድ 1409 ላይ ነበር። አበባው ከቀደመ ንቦቹና ሌሎቹ ነፍሳት አብረው ይቀድማሉ ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፣ ፍሬ ለሚያመርት ገበሬ ግን በፎቶ የሚያልፍ ነገር አይደለም፣ ፒችና አፕልም የሚኖሩት በዚሁ የብርድና የሙቀት ቆጠራ ነው፣ ውርጭ ከመታቸው የዓመቱ ምርት ሄደ።

ታይዳል ቤዚን ድረስ መሄድ የማይመቸው ሰው ሰፈሩን ቢያይ ይበቃዋል። ቤተስዳ፣ ከሪቨር ሮድ ገባ ብሎ ኬንውድ የሚባል መኖሪያ ሰፈር አለ፣ ወደ 1,200 የሚሆን ዮሺኖ በየመንገዱ ዳር ተተክሎበት ቅርንጫፎቹ ከመንገዱ በላይ ይገናኛሉ፣ መኪና ማቆም ግን በሰሞኑ ስለሚከለከል ራቅ አድርጋችሁ አቁማችሁ በእግር ግቡ፣ የሰው ቤት በር ነውና ሳር ላይ አትውጡ። መሀል ከተማው አስፋልትና ሕንፃ ሙቀት ስለሚይዝ እዛ ቀድሞ ይፈነዳል፣ ወደ ሰበርብ ራቅ ባላችሁ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ቀን እየዘገየ ይሄዳል፣ ስለዚህ ዲሲ ያመለጠው ሰው ሜሪላንድ ላይ ሊደርስበት ይችላል። ማርች መጀመሪያ ላይ ደማቅ ሮዝ ሆኖ ቀድሞ የሚያብበውን ኦካሜ የሚባል ቼሪ አይቶ "አለቀብን" የሚል ሰው አለ፣ እሱ የራሱ ዝርያ ነው፣ የሚፈልገው ሙቀት ትንሽ ስለሆነ ይቀድማል። ድርብርብ ሆኖ ወፍራም ሮዝ አበባ ያለው ክዋንዛን ደግሞ ከዮሺኖ ሁለት ሳምንት ያህል ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

በዚህ ዓይን ስታዩት የሰፈሩ አበባ ሁሉ ተራ አለው። ፌብሩዋሪ ላይ በረዶ ሳይጠፋ ክሮከስ ከመሬት ብቅ ይላል፣ ከዛ ቢጫው ፎርሲቲያና ዳፎዲል፣ ከዛ ማግኖሊያ (ምስኪን፣ ስለሚቸኩል በየጊዜው ውርጭ ይመታዋል)፣ ከዛ ቼሪው፣ ከዛ ሬድበድ። ሬድበድን ቀረብ ብላችሁ እዩት እባካችሁ፣ ቅጠል የለውም፣ ሐምራዊ ሮዝ አበባው ከቀጫጭኑ ቅርንጫፍ ብቻ ሳይሆን ከወፍራሙ ግንድ ቆዳ ላይ ቀጥታ ነው የሚወጣው። ከሱ በኋላ ቱሊፕ፣ የቨርጂኒያ ምልክት የሆነው ዶግዉድ፣ ከዛ አዜሊያ። ጫካ ውስጥ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ቡል ራን የሚባለው ፓርክ ኤፕሪል ላይ ብትሄዱ መሬቱ በሰማያዊ ብሉቤል ተሸፍኖ ታገኙታላችሁ፣ እነዚህ የሚቸኩሉት ከላያቸው ያሉት ትልልቅ ዛፎች ቅጠል አውጥተው ፀሐዩን ሳይጋርዱባቸው በፊት አብበው፣ ዘር ይዘው፣ ለዓመቱ ምግባቸውን ስራቸው ውስጥ አስቀምጠው ለመጨረስ ነው። ዛፉ ቅጠሉን ሲዘረጋ እነሱ ሥራቸውን ጨርሰዋል።

አንድ ነጭ ዛፍ ግን አለ፣ ሰው ቼሪ ነው ብሎ ፎቶ የሚነሳበት፣ ሲጠጉት የአሳ ሽታ የሚሸት። ብራድፎርድ ፒር ይባላል። ከቻይና የመጣ የፒር ዘመድ ነው፣ እዚሁ ሜሪላንድ ግሌን ዴል ውስጥ ያለ የመንግሥት እርሻ ጣቢያ ነው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለመንገድ ዳር ብሎ ያወጣው፣ ቶሎ ስለሚያድግና ፍሬ አይሰጥም ስለተባለ በየሰፈሩ ተተከለ። ብቻውን ሲሆን እውነትም አያፈራም፣ ራሱን በራሱ ማዳቀል አይችልም፣ ሌሎች ተመሳሳይ ዝርያዎች ሲመጡ ግን ተዳቀሉ፣ ወፎች ፍሬውን በሉ፣ ዘሩን በየሜዳው በተኑት፣ አሁን በሃይዌዩ ዳር ማርች ላይ የምታዩት ነጭ ጫካ አብዛኛው እሱ ነው፣ የአገሩን ዛፍ ቦታ ይዞበት። ኦሃዮ፣ ፔንሲልቬኒያና ሳውዝ ካሮላይና እንዳይሸጥ ከልክለዋል። ግቢያችሁ ውስጥ ካለ ደግሞ ቅርንጫፎቹ ከግንዱ ጋር የሚያያዙበት ቦታ ደካማ ስለሆነ በነፋስ ተገንጥሎ መኪና ላይ ሊወድቅ ይችላል፣ አስቡበት።

የእኛ አገር አበባስ? ይሄን ሁሉ ሳነብ መጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣው ጥያቄ ይሄ ነበር። አገር ቤት ደጋው ላይ ቀኑ በዓመት ውስጥ ብዙ አይረዝም አያጥርም፣ በረዶ የሚያስቀምጥ ክረምት የለም፣ እዛ ለአብዛኛው ተክል ቆጣሪው ዝናብ ነው። አደይ አበባ ዘሩ ደረቁን ወራት መሬት ውስጥ ይቆያል፣ በዝናቡ ይበቅላል፣ ክረምቱ ሲወጣ መስከረም ላይ ሜዳውን ቢጫ ያደርገዋል፣ ቤተክርስቲያንም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ ወርኃ ጽጌ ብላ የያዘችው በዛው የአበባ ጊዜ ነው። ከሁሉም ከቼሪው ጋር የሚመሳሰለው ግን ቡናችን ነው። ጅማ፣ ከፋ፣ ሲዳማ ያደገ ሰው ያውቀዋል፣ የቡናው እምቡጥ በበጋው ተቋጥሮ ይቆማል፣ አያድግም፣ ድርቀቱ በቂ ጊዜ ከቆየ በኋላ የበልጉ የመጀመሪያ ደህና ዝናብ ሲወርድ ይነቃል፣ ከዛ በ8፣ በ10 ቀን ውስጥ ተክሉ ሁሉ አንዴ ነጭ ይሆናል፣ ሽታው እንደ ጃዝሚን ሰፈሩን ያውዳል፣ በሁለት ሦስት ቀንም ይረግፋል። ቼሪው ብርድ ሲቆጥር ቡናው ድርቀት ነው የሚቆጥረው፣ ሁለቱም መከራው ሳያልፍ አይከፈቱም። ብርድ የሚፈልግ ተክል ደግሞ አገራችን ውስጥ ቦታውን ፈልጎ ነው የሚኖረው፣ አፕል ጨንቻ ላይ የሚሆነው ጋሞ ደጋ ስለሆነ ነው፣ ቁልቁል ወርዳችሁ አርባ ምንጭ ላይ ብትተክሉት ያን ብርድ ከየት ያገኛል፣ እዛ ሙዝና ማንጎ ነው።

የእኛ ሰው ቼሪ ላይ የሚያነሳው ሌላም ነገር አለ፣ ሠርግ። የሐበሻ ሙሽሮች በቼሪ ስር ፎቶ መነሳት ይፈልጋሉ፣ ግን ዮሺኖው የሚፈነዳበት ጊዜ ብዙ ዓመት ዐቢይ ጾም ውስጥ ነው የሚውለው፣ የእኛ ፋሲካ በፈረንጅ ከኤፕሪል 4 እስከ ሜይ 8 ባለው ውስጥ ስለሚመላለስ፣ በጾም ደግሞ ሠርግ የለም። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ የምታገቡ ከሆነ ዮሺኖን ተስፋ አታድርጉ፣ ኤፕሪል መጨረሻ ከሆነ ክዋንዛን ሊደርስላችሁ ይችላል፣ ካልሆነ ግን ናሽናል አርቦሬተም ውስጥ ያለው የአዜሊያ ተራራ ኤፕሪል ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ነው የሚደምቀው፣ ነጭ የአበሻ ቀሚስ ከዛ ቀይና ሮዝ ፊት ለፊት ከቼሪውም የበለጠ ይወጣል፣ ይሄን የምለው አይቼ ነው። ፎቶ ቦታው ፈቃድ የሚጠይቅበት ሁኔታ ስላለ ቀድማችሁ ደውሉ።

አለርጂንም ሳልነካ አላልፍም ምክንያቱም ሰው ሁሉ ቼሪውን ነው የሚያማው። የቼሪ ብናኝ ከባድና የሚያጣብቅ ነው፣ በንብ ነው የሚሄደው እንጂ በአየር ብዙ አይንሳፈፍም። ዓይናችሁን የሚያሳክከው አበባው የማይታየው ዛፍ ነው፣ ኦክ፣ በርች፣ ሜፕል፣ እነዚህ ብናኛቸውን ለነፋስ ስለሚሰጡ ንብ የሚጠራ ቆንጆ አበባ አያስፈልጋቸውም። መኪናችሁ ላይ የምታዩት ቢጫ ዱቄት በአብዛኛው የጥድ ነው፣ የብናኙ ቅንጣት ትልቅ ስለሆነ አለርጂ ላይ ያን ያህል አስተዋጽኦ የለውም። "ስመጣ አለርጂ አልነበረብኝም፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጀመረኝ" የሚሉም ልክ ናቸው፣ ሰውነት አዲስ ብናኝን እንደ ጠላት ማየት የሚለምደው ደጋግሞ ካገኘው በኋላ ነው፣ ለዚያ ጥቂት ስፕሪንግ ይፈጅበታል። ጉንፋን ነው እያላችሁ በየዓመቱ ኤፕሪልን አትሠቃዩ፣ ሐኪም ወይ ፋርማሲስት ጠይቁ፣ ውጪ ውላችሁ ስትገቡ ልብስ ቀይሩ፣ ታጠቡ።

ኖቬምበር ላይ ቼሪ አብቦ አይታችሁ ግራ ከተጋባችሁም መልሱ ከዚሁ ቆጠራ ነው የሚመጣው። ሰመሩ ደርቆ ወይ በሽታ ገብቶ ዛፉ ቅጠሉን ቀድሞ ካራገፈ፣ እምቡጡ ገና በደንብ አልተቆለፈም ነበርና ትንሽ ሙቀት ሲያገኝ ይከፈታል። ያች እምቡጥ ማርች ላይ ድጋሚ አታብብም፣ አንድ ጊዜ ናት፣ ቀሪው ዛፍ ግን በጊዜው ያብባል። (በፎል፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት፣ እንዲያብብ ተብሎ የተመረጠ ዝርያም አለ፣ እሱ ምንም አልሆነም።) ቅርንጫፍ ቆርጦ ቤት መውሰድም እንደዚሁ አስቡት፣ ታይዳል ቤዚን ላይ በሕግ ክልክል ነው፣ ቼሪ ደግሞ በቁስሉ በሽታ የሚገባበት ዛፍ ነው።

ሰፈራችሁ ላይ የራሳችሁን ማየት ከፈለጋችሁ ግቢም ባይኖራችሁ ይቻላል። ቱሊፕና ዳፎዲል ሽንኩርት የመሰለ ስር ነው ያላቸው፣ እነሱም እንደ ቼሪው ብርድ ቆጣሪ ናቸው፣ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ያህል ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ መክረም ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ የሚተከሉት ስፕሪንግ ላይ ሳይሆን ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ ነው። ብዙ ሰው ማርች ላይ ሱቅ አበባውን አይቶ ያምረውና ያኔ ስሩን ገዝቶ ይተክላል፣ ቅጠል ብቻ ያያል ወይ ምንም አያይም። ጥልቀቱ የስሩን ቁመት ሦስት እጥፍ ያህል ይሁን፣ ሹሉ ወደ ላይ። አፓርትመንት የሆነ ሰው ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ተክሎ በረንዳ ላይ ይተወው እንጂ ቤት አያስገባው፣ ሳሎን ሞቆት ከከረመ አያብብም። ስኩዊረልና አጋዘን ባለበት ሰፈር ከሆናችሁ ከቱሊፕ ይልቅ ዳፎዲል ምረጡ፣ መርዝ ስላለው አይነኩትም፣ ቱሊፑን ግን አበባው ሊከፈት ሲል መጥተው ይበሉባችኋል። ልጆችና ውሻ ካሉም ዳፎዲሉን አፋቸው እንዳያስገቡ ተጠንቀቁ። አበባው ካለቀ በኋላ ቅጠሉ ቢጫ እስኪሆን ድረስ አትቁረጡት፣ የሚቀጥለውን ዓመት አበባ የሚሠራው በሱ ነው።